ለማቆያው ልጆች 14 ትንንሽ ብርድ ልብስ፦ ከሐምሌ እስከ ኅዳር የያዝኩት ማስታወሻ

ሐምሌ፣ 1ኛ ሳምንት

መነሻው የልጄ ነጠላ ነው። ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሕፃናት ማቆያ ስትውል የአሮጌ ነጠላዬን ቁራጭ ጉንጯ ላይ ካላደረገች አትተኛም። ማክሰኞ ዕለት ሞግዚቷ ደወለችና "አትደንግጪ፣ ግን ነይ" አለችኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። የነጠላው ዘርፍ ሌባ ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ ከርሮ፣ የጣቷ ጫፍ ጠቁሯል። እኔ ስደርስ ሞግዚቷ በጥፍር መቁረጫ ክሩን እየበጠሰች ነበር። ልጄ ክሩ ሲበጠስ ዝም ብላ ቆይታ፣ ደሙ መመለስ ሲጀምር ነው የጮኸችው።

ቀጭን ክር ወይም ፀጉር የሕፃን ጣት ላይ ሲጠመጠም የደም ዝውውሩን ያግዳል፤ ሳይታይ ከቆየ ጣቱን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ነጠላውን ወሰድኩባት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን የቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር ቀረ።

ማቆያው ቱሉ ዲምቱ፣ የእኛው ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ነው። 14 ልጆች አሉ። ብዙዎቹ እናቶች ቂሊንጦ ፋብሪካ ስለሚሠሩ ገና ሳይነጋ ልጅ አስረክበው ይሄዳሉ። ልጄን ለመውሰድ ቀደም ብዬ ሄጄ የተኙትን አየኋቸው። አንዱ የእናቱን ሻሽ ጨብጧል፣ አንዷ የአባቷን ካልሲ፣ ሌላው ከፎጣ የተቀደደ ቁራጭ። ሁሉም ጫፉ የተተረተረ፣ ክሩ የሚንጠለጠል ነው። ያን ቀን ነው ለልጄ ብቻ ሳይሆን ለ14ቱም ልሥራ ያልኩት።

የወሰንኩት ይህን ነው፦ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር። ዘርፍ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ ሪባን የለውም። ልጅ በአንድ እጁ ጨብጦ የሚዞርበት መጠን እንጂ የሚለብሰው አይደለም። ከ14ቱ ሁለቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ከ12 ወር በታች ያለ ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ምንም ለስላሳ ነገር እንዳይኖር ይመክራል፤ ብርድ ልብስም ይሁን ትራስ፣ አፍና አፍንጫ ሊሸፍን ስለሚችል። ለእነዚህ ሁለቱ ሠርቼ ለሞግዚቷ እሰጣለሁ፤ ነቅተው ሲታቀፉ ብቻ ይይዙታል፣ ሲተኙ ይነሣል። ይህን ከኃላፊዋ ጋር ተነጋግረን ተስማማን።

ሐምሌ፣ 2ኛ ሳምንት

ኪሮሽ የያዝኩት በ12 ዓመቴ ነው። እናቴ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ጀርባና ክንድ፣ ብፌው፣ የሬዲዮው ጭንቅላት ሳይቀር። እጄ ወደሚያውቀው ሄደ፦ መሐሉ አበባ፣ ዙሪያው ቅጠል፣ በቅጠሎቹ መካከል ክፍት ክፍት ያለ። ሁለት ማታ ሠራሁ። አማረ። ልጄ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትንሿ ጣቷ በቅጠሉ ቀዳዳ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብታለች።

የዳንቴል ውበቱ ቀዳዳው ነው። እኛ ስንማር ቀዳዳውን እኩል ማድረግን ነው የተማርነው፤ "ዓይኑ ፍክት ይበል" ነበር የምንባለው። ለልጅ ጣት ግን ያው ቀዳዳ ከነጠላው ዘርፍ የተለየ ነገር አይደለም። አበባውን ተረተርኩት።

አንድ መለኪያ አወጣሁ፦ ተራ እርሳስ። ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው ነገር የትኛውም ቦታ ላይ ሳብ አድርጌ እርሳሱን ስገፋው ካለፈ ይተረተራል።

ሐምሌ፣ 3ኛ ሳምንት

መርካቶ ወረድኩ። በታክሲ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሌላ ታክሲ፤ ደርሶ መልስ 120 ብር። የገዛሁት፦ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ) የሹራብ ክር 100 ግራም አንድ ልቃቂት 220፣ የጥጥ ዳንቴል ክር 180፣ የ4 እና የ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ እያንዳንዱ 90፣ ጫፉ ድንብዝ የሆነ ወፍራም መርፌ 40። በድምሩ ከታክሲው ጋር 740 ብር። የበግ ፀጉር ፈትል ደግሞ እናቴ ከመንዝ ላከችልኝ፤ ያንኑ ባና፣ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሠራበትን።

ከሦስቱም 15 በ15 ናሙና ሠርቼ ሦስት ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣልን፣ ይህ ብቻ ሳምንቱን በላው።

ጥጡ፦ ለእጅ ደስ ይላል፣ ልጅ አፉ ውስጥ ቢከተውም አይከፋኝም። ግን ክሩ ቀጭን ስለሆነ ደርቤ ነው የሠራሁት፤ ከበደ። ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ድንጋይ ሆነ። በረንዳ ላይ በክረምቱ ሦስት ቀን ሰቅዬው አልደረቀም፤ በአራተኛው ቀን የሻጋታ ሽታ አመጣ።

የበግ ፀጉሩ፦ ባና ለመንዝ ብርድ ነው የተሠራው፤ ለጉንጭ ይሻክራል። ለብ ባለ ውሃ አሸት አሸት አድርጌ ሳጥበው 15 የነበረው 11 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጠጠረ። የበግ ፀጉር ሙቀትና ማሸት ሲገናኙበት እርስ በርሱ ተያይዞ ይጨማደዳል፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሞግዚቶቹ ጊዜ ወስደው በቀዝቃዛ ውሃ እያባበሉ እንዲያጥቡ መጠበቅ አይሆንም።

አክሪሊኩ፦ ማታ የተሰጣው ጠዋት ደረቀ። አልተኮማተረም፣ አልጠነከረም። ልቤ ጥጡን ነበር የፈለገው፤ በክረምት በየሳምንቱ ታጥቦ በማግስቱ ልጅ እጅ የሚመለሰው ግን አክሪሊኩ ነው። አንድ ክፉ ጎን አለው፦ እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ የቀለጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከከሰል ምድጃና ከካውያ እንዲርቅ ለእናቶቹ በቃል ነግሬያለሁ፤ ስሰጣቸውም እደግመዋለሁ።

ሐምሌ፣ 4ኛ ሳምንት

ድፍን የሆነ ንድፍ ፈልጌ ከኢንተርኔት አንድ ፒዲኤፍ አወረድኩ። "ደብል ክሮሼ" ይላል። ደብል ክሮሼ እንዴት እንደሚሠራ ዩቲዩብ ላይ አየሁና ጀመርኩ። አራት ማታ ሠራሁ። 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል የተባለው ቁመት 38 ሆነ፣ መሐሉም ልል። እርሳሱ ያለ ምንም ግፊት አለፈ።

ስሕተቱን ለማግኘት አንድ ቀን ፈጀብኝ። እንግሊዞች ደብል ክሮሼ የሚሉት አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን ነው። አሜሪካኖች ደብል የሚሉት ደግሞ ለእንግሊዞቹ ትሬብል ነው። ንድፉ የእንግሊዝ፣ ቪዲዮው የአሜሪካ ነበር። መለያው ቀላል ነው፦ ንድፉ ውስጥ "ሲንግል" የሚል ቃል ካለ የአሜሪካ ነው፤ በእንግሊዞቹ አጠራር እንደዚያ የሚባል የለም። እናቴ አጭርና ረጅም ብቻ ነው የምትለው፤ ክሩን ኪሮሹ ላይ ሳትጠመጥም ከገባች አጭር፣ አንዴ ጠምጥማ ከገባች ረጅም። ከዚህ በኋላ እኔም ማስታወሻዬ ላይ አጭርና ረጅም እያልኩ ነው የምጽፈው።

አራት ማታ የሠራሁትን ተረተርኩ። የተተረተረ አክሪሊክ ይጠማዘዛል፤ ወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልዬ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አንጠልጥዬ አድርቄ ስጠቀምበት ቀጥ አለ። አልተጣለም።

ነሐሴ፣ 1ኛና 2ኛ ሳምንት

የመረጥኩት ሞስ ስቲች የሚሉትን ነው። አንድ አጭር፣ አንድ ሰንሰለት፣ አንድ መዝለል። በቀጣዩ መስመር አጭሩ ባለፈው መስመር ሰንሰለት ሥር ባለው ክፍተት ይገባል። ስለዚህ ክፍተቱ ሁሉ ይደፈናል፣ ጨርቁ ግን እንደ ተራ አጭር አይደድርም፤ ይተጣጠፋል። በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ 68 ዓይን 40 ሴንቲ ሜትር ይመጣል (ዓይን የምለው አጭሩንም ሰንሰለቱንም እየቆጠርኩ ነው)። ወደ ላይ 76 መስመር ገደማ። አንዱ 80 ግራም ይበላል።

የመጀመሪያው ወደ 40ኛው መስመር ሲደርስ ዘርግቼ ሳየው ታቹ ሰፊ፣ ላዩ ጠባብ። ቆጠርኩ፦ 58። አሥር ዓይን የት ገባ? መስመር በመስመር ወደ ታች ወረድኩ። የየመስመሩ መጨረሻ አጭር የሚገባው ባለፈው መስመር መገልበጫ ሰንሰለት (ሥራውን ገልብጬ አዲስ መስመር ስጀምር የምሠራት) ውስጥ ነው። ሰንሰለቷ ጠርዝ ላይ ተጣጥፋ ትደበቃለች። አምስት ጊዜ ዘልያታለሁ፤ አንድ ጊዜ በተዘለለች ቁጥር ሁለት ዓይን ይጎድላል። ሁሉም የተዘለሉት መብራት ጠፍቶ በሻማ የሠራሁባቸው ማታዎች ላይ ናቸው፤ ክሩም ጥቁር ሰማያዊ ነበር። ከዚህ ወዲያ ጠቆር ያለ ቀለም ቀን ብቻ፣ ማታ ነጣ ያለው።

መፍትሔ፦ በየመስመሩ መገልበጫዋን ሰንሰለት እንደሠራሁ መርፌ ቁልፍ እሰካባታለሁ። ስመለስ መርፌ ቁልፉ እስኪነሣ መስመሩ አላለቀም ማለት ነው።

ሌላም ነበር፦ የመነሻው ሰንሰለት ስለሚጠብቅ ታችኛው ጠርዝ ተኮማትሮ ቀስት ይመስላል። መነሻውን በ5፣ የቀረውን በ4 ሠራሁት፤ ተስተካከለ።

በፍልሰታ ጾም ማታ ማታ ጊዜ አገኘሁ። አንዱ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዳግመኛ መርካቶ ሄጄ 11 ልቃቂት ገዛሁ፣ አምስት ቀለም። 2,420፣ ታክሲ 120።

ነሐሴ፣ 4ኛ ሳምንት

ልጆቹ የየራሳቸውን እንዲለዩ አንዱን ጥግ በሌላ ቀለም መሥራት አሰብኩ። እናቶቹ ስም ይጻፍበት ብለው ነበር፤ የሁለት ዓመት ልጅ ግን ፊደል አያውቅም፣ ቀይ ጥግ ያውቃል። ቀይ አክሪሊክ ስላልነበረኝ ቤት የቆየ ቀይ የጥጥ ክር ተጠቀምኩ። መጀመሪያ ታጥቦ ሲወጣ ነጩ ብርድ ልብስ ግማሹ ሮዝ ሆኗል።

ጎረቤታችን እማማ "አቼቶና ጨው ውስጥ አሳድሪው፣ ቀለሙን ያስርልሻል" አሉኝ። አሳደርኩት። በነጋታው ስጨምቀው አሁንም ቀይ ውሃ። እሳቸው የተናገሩት ከልምድ ነው፤ አቼቶ ለበግ ፀጉርና ለሐር ቀለም ይረዳል። ለጥጥ ቀለም ግን አይሠራም፤ የጥጡ ቀለም ከክሩ ጋር የሚያያዘው በሌላ መንገድ ነው፣ ያልተያያዘው ትርፍ ታጥቦ እስኪያልቅ ይለቃል። "እንግዲያው ለእኔ ያ የሠራልኝ የሱፍ ሹራብ ነበር" አሉ ቆይተው፤ ነገሩ ገጠመ።

ቀዩን ጥግ ፈትቼ በአረንጓዴ አክሪሊክ ቀየርኩት። ሮዙ አልለቀቀም፤ ለልጄ ሆነ፣ እሷ ወዳዋለች። አሁን አዲስ ቀለም ሁሉ አስቀድሞ ይፈተናል፦ አንድ ክንድ ክር ሞቅ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ነጭ ሶፍት ውስጥ ጠቅልሎ መጭመቅ። ሶፍቱ ከቀለመ አይገባም።

የጳጉሜ መጨረሻና መስከረም፣ 1ኛ ሳምንት

ከዚህ ሥራ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

መርፌ ቁልፎቼ 20 ናቸው፣ በቆርቆሮ የሻይ ቅጠል ዕቃ ውስጥ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ስቆጥር 19። ስምንት ያለቀ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ምንጣፉን፣ ሶፋውን፣ የልብሴን ኪስ ፈተሽኩ። የለም። ስምንቱንም በእጄ ዳበስኩ፤ ምንም አልተሰማኝም፣ ሞስ ስቲች ወፈር ስለሚል ትንሽ ነገር ይውጣል። ቤቱ ሥጋና ዶሮ እየጠበቀ፣ እኔ ማዕድ ቤት መግባት አልቻልኩም። አንዲት መርፌ ልጅ አፍ አጠገብ እንዳለች እያወቅኩ ሽንኩርት አልከትፍም።

ባለቤቴ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔቱን ነቅሎ ሰጠኝ። መጀመሪያ ከቀሩት 19ኙ በአንዷ ሞከርኩት፣ ምክንያቱም ከነሐስ የተሠራች ከሆነች ማግኔት አይስባትም። ሳበ። ከዚያ ስምንቱን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማግኔቱን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ አስኬድኩ። ስድስተኛው ላይ፣ ከቢጫው ጥግ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ ጠቅ አለ። መርፌ ቁልፏ ተከፍታ፣ ሹሏ በሁለት መስመር መካከል ተኝታለች። ከላይ አይታይም፣ ከታችም አይታይም።

ያኔውኑ መርፌ ቁልፎቹን ከሥራው አወጣሁ። አሁን ምልክቴ የሌላ ቀለም ክር ነው፣ 10 ሴንቲ ሜትር፤ ረጅም ስለሆነ አይደበቅም። ክሮቹም ይቆጠራሉ፦ ሥራ ስጀምር ስንት፣ ስጨርስ ስንት፣ ማስታወሻ ላይ ይጻፋል። ለመፈተሻ ግን ማግኔቱን አልተውኩትም፣ እያንዳንዱ ያለቀ ያልፍበታል።

መስከረም፣ 3ኛና 4ኛ ሳምንት

ስለ ውል፣ የክሩን ጫፍ ማለቴ ነው። አንዱ ልቃቂት ሲያልቅ ሌላውን የምቀጥለው በቋጠሮ ነበር፤ ቋጥሮ አጥብቆ ከሥሩ መቁረጥ። ፈጣን ነው። ሦስተኛው እጥበት ላይ ሁለት ቋጠሮ ተፈታ፤ አክሪሊክ ያንሸራትታል። የተፈታ ውል ደግሞ የሚንጠለጠል ክር ነው፣ የሸሸሁት እሱኑ ነው።

አሁን 15 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አስቀርቼ፣ በድንብዙ መርፌ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ተመልሼ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ላይ እሸምነዋለሁ። በመጨረሻ ጨርቁን ወደ አራቱም አቅጣጫ ስቤ የተረፈውን እቆርጣለሁ። አንዱን ውል ለመደበቅ 7 ደቂቃ ይፈጃል። በቋጠሮ የተያያዙትን አምስቱን ከፍቼ እንደገና ሠራኋቸው፤ አሰልቺ ነበር፣ ግን ምርጫ የለውም።

ጥቅምት

14ቱ አለቁ። ለማቆያው ከመስጠቴ በፊት ለየእናቱ ሰጠሁ፤ እናቶቹ ራሳቸው ሁለት ሌሊት አብረውት እንዲያድሩ። ልጅ ነጠላውን የሚወደው ለነጠላነቱ አይደለም፣ የእናቱን ጠረን ስለያዘ ነው። አዲስ ክር የሱቅ ሽታ ነው ያለው። ይህን ያሰብኩት ልጄ አዲሱን ብርድ ልብስ አሽታ ስትወረውረው አይቼ ነው፤ በትራሴ ሥር ሁለት ቀን ሲያድር ግን አቅፋው ዞረች።

ከ14ቱ 11ዱ በመጀመሪያው ሳምንት ይዘውት ተኙ። ከዚያ ዓርብ መጣ፣ ታጠበ፣ ሰኞ ደግሞ ሦስቱ "ይሄ የኔ አይደለም" ብለው አለቀሱ። ኦሞው ጠረኑን ወስዶታል። ኃላፊዋ "እንግዲያው ቅያሪ ይኑራቸው፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እናቱ ጋ ይደር" አለችኝ። ትክክል ናት። ሦስቱ እናቶች የክሩን ዋጋ እኩል አዋጡ፣ ሦስት ልቃቂት 750 ብር፤ ዋጋው በአንዱ ልቃቂት ላይ 30 ብር ጨምሯል። ታክሲው የእኔ።

አንድ ነገር አላስተዋልኩም፦ የሎት ቁጥር፣ ክሩ በየትኛው ዙር አብሮ እንደተቀለመ የሚያሳየው። ወረቀቱ ላይ የቀለሙ ቁጥር አንድ ነው፣ ሎቱ ግን ይለያል። ሠርቼ ጨርሼ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው የአዲሱ ክሬም ቀለም ወደ ቢጫ ያደላል። ሁለቱ ልጆች ምንም አላሉም። ሦስተኛዋ ሁለቱንም ይዛ አየች፣ አዲሱን መልሳ ሰጠችኝ። ከነሐሴው ልቃቂት 60 ግራም ተርፎኝ ነበር፤ ከእሱ 34 በ34 ሠራሁላት። ተቀበለችው። ካለሁበት ሆኜ የምለው፦ ለአንድ ልጅ የሚሆነውን ክር ከነቅያሪው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሎት ይግዙ።

ኅዳር

12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል። በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ (ኢንፍሉዌንዛ) ወዲህ ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያጥንበት ቀን ነው፤ እኔም ይህን እያወቅኩ ጠዋት ላይ 9 ብርድ ልብስ አጥቤ በረንዳ ላይ ዘርግቻለሁ። እኩለ ቀን ሲሆን ሰፈሩ ጭስ በጭስ። አክሪሊክ ጭስ ይይዛል። ሁሉም እንደገና ታጠበ፣ በተረፈው የጄሪካን ውሃ። ቀጣዩ ፈረቃ ሁለት ቀን ይቀረው ስለነበር የእኛ ልብስ ቆየ።

ሒሳብ፦ 740፣ 2,540 እና 870፤ በድምሩ 4,150 ብር። እናቶቹ ካዋጡት 750 ሲቀነስ ከእኔ የወጣው 3,400። የተመለሰውን ጨምሮ 18 ብርድ ልብስ ተሠርቷል፣ ጥቂት ክርም ተርፏል።

አንድ ልጅ ቀርቷል። ሁለት ዓመት ከስድስት ወሩ ነው፣ ለእሱ የሠራሁትን አንድም ቀን አልያዘም። ዛሬ ማቆያ ስገባ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ጉንጩ ላይ ያሻል። ጠጋ ብዬ ሳየው በሐምሌ ሠርቼ ሦስት ጊዜ ያጠብኩት 15 በ15 የአክሪሊክ ናሙና ነው፤ ከብርድ ልብሶቹ ጋር ሳላየው ዘንቢል ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ጠርዝ የለውም፣ ውሉም በቋጠሮ ነው ያለቀው። "ልየው እስኪ፣ እመልስልሃለሁ" አልኩት። እጁን አልፈታም። ሞግዚቷ እስኪተኛ ጠብቃ ከጨበጠው እጁ ቀስ አድርጋ አወጣችልኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ውሉን ፈትቼ ሦስት አቅጣጫ ሸመንኩት፣ ዙሪያውን አንድ መስመር አጭር ሠራሁለት፣ እርሳሱንና ማግኔቱን አሳለፍኩበት። 25 ደቂቃ። ሳይነቃ እጁ ውስጥ መለስነው።